ለንስሐ ወደ ዳባት

ከጎንደር ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። የጽዋ ማኅበራችን ሴቶች በተገናኘን ቁጥር «እንዴት ነበር? ምን አየሽ?» ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ ከመካከል ጀምሬ መካከል ላይ አቆማለሁ። ከእነሱ አብዛኞቹ ከአዳማ ርቀው የሄዱት ቢበዛ እስከ ዝቋላ ነው፤ ጎንደርን የማየት ዕድል ላይገጥማቸው ይችላል። ስለዚህ ቀኑን በቀኑ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ቤተ መንግሥቱ ልትጠይቁኝ ያሰባችሁ ግን ከወዲሁ ይቅር በሉኝ፤ ያየሁት ከሚኒባስ ውስጥ ሆኜ፣ በአጥሩ በኩል ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልናገር። ባለቤቴ ዘውዱ በደም ግፊት ምክንያት ድንገት ከወደቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀኝ ጎኑ አይታዘዝም፤ አንደበቱ ተይዟል፤ ግን ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል። እኔ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ማለዳ አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ አገላብጠዋለሁ፣ ወደ ስፌቴ እመለሳለሁ። ድሮ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ከቤት አልወጣም ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አሳጠርኩት፤ በሁለተኛው ተውኩት። ቤተ ክርስቲያኑን በሩቁ ተሳልሜ ማለፍ ጀመርኩ፤ ቆይቶ ደግሞ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ባለፈው ነሐሴ ይባስ ብዬ አንድ ነገር ተናገርኩ፤ እሱን ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

የንስሐ አባታችን መምሬ ስማቸው አዳማ ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግለው፣ ባለቤታቸው ሲያርፉ ወደ ትውልድ ቀያቸው፣ ወደ ዳባት ገጠር ተመልሰዋል። ሲሄዱ ሌላ አባት ያዢ ብለውኝ ነበር፤ አልያዝኩም። ስልካቸው አይሠራም። የዘውዱ እህት አበባ ፊቴን አይታ «ሳምንቱን እኔ እይዘዋለሁ። ሄደሽ የሚያቃጥልሽን ተናገሪ» አለችኝና የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጠችልኝ።

ሰኞ

ዘውዱን አጥቤ ልብሱን ከቀየርኩለት በኋላ «መምሬ ስማቸው ጋ ልሄድ ነው። ቅዳሜ እመለሳለሁ» አልኩት። ዓይኑን እንደጨፈነ ነበር፤ አልገለጠውም። አበባ በሩ ላይ ቆማ «ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አለችኝ።

አውሮፕላን ስሳፈር የመጀመሪያዬ ነው። በመስኮት አገር አያለሁ ብዬ ስጓጓ፣ ቀበቶዬን እንዳሰርኩ እንቅልፍ ጣለኝ። አስተናጋጇ ትከሻዬን ነካ አድርጋ «እማማ፣ ደርሰናል» አለችኝ። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ፊቴ ምን ያህል እንደተጎሳቆለ ያን ጊዜ ገባኝ።

አውሮፕላኑ የሚያርፈው አዘዞ ነው። ከዚያ ወደ ከተማው በሚኒባስ ይወጣል፤ ይወጣል ያልኩት በእውነት ስለሚወጣ ነው። አዳማ ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ እኛ አቅጣጫ ስንናገር ቀኝና ግራ እንላለን። ጎንደሮች ግን «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» ይላሉ። እንደኛ አቧራ የሚያስነሣ ነፋስ የለም። ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ሳይቸኩል ዳገቱን ይወጣል። እኔ ሻንጣዬን ይዤ አሥር እርምጃ በሄድኩ ቁጥር ቆሜ ተነፈስኩ።

ፒያሳ አጠገብ አንዲት ፔንሲዮን ያዝኩ። ባለቤቷ ጠና ያለች፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት። የት እንደምሄድ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ዳባት? በዚች ነጠላ?»

«ሹራብ ይዣለሁ።»

«ምነው እቴ፣ የዳባትን ብርድ በሹራብ!» አለችና ከራሷ ቁም ሣጥን ወፍራም ጋቢ አምጥታ አልጋዬ ላይ አኖረችልኝ። «ስትመለሽ ትሰጭኛለሽ።» ስሜን እንኳ ገና አልጠየቀችኝም ነበር። የጽጌ ጾም ስለነበረ እራቱ ሽሮ ነው፤ ከእኛ ሽሮ ይልቅ ነጭ ሽንኩርቱ ይበረታል። ግማሹን ሳልጨርስ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ማለዳ መናኸሪያ ሄድኩ። ወደ ዳባት የሚሄድ መኪና የለም ተባለ። መንገዱ ለዛሬ ተዘግቷል፤ ነገ ሊከፈት ይችላል። ለምን እንደተዘጋ ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሰዉ ዕቃውን አንሥቶ ያለ ጉርምርምታ ተበተነ። አዳማ ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ ድሬዳዋ ይሰማ ነበር።

የማደርገው ስላጣሁ ወደ ቀሐ ወንዝ ወረድኩ። ጥምቀት የሚከበርበት ገንዳ እዚያ ነው፤ ያን ቀን ደረቅ ነበር። የዛፎቹ ሥር በድንጋዩ ግንብ ላይ ተጠምጥሟል። ሰው የለም፤ ጥላው ደስ ይላል። ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ይሰማኝ ነበር። ሄድኩና ከቅጽሩ ውጭ፣ ጧፍ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጧፍ ገዛሁ፤ ግን አልተነሣሁም።

«ምነው እቴ፣ አትገቢ?» አለችኝ።

«ደክሞኝ ነው።»

«ሰው የሚገባውስ ሲደክመው አይዶል?»

ጧፉን እንደያዝኩ ቅዳሴው አልቆ ሰው ሲወጣ አየሁ። የሚወጡት ሰዎች እኔ የቅዳሴ ተካፋይ መስዬአቸው «እንኳን አብሮ አደረሰን» አሉኝ። «አብሮ ያድርሰን» አልኩ። ውሸት የተናገርኩ ያህል አፈርኩ።

ረቡዕ

መንገዱ ተከፈተ። አውቶቡሱ የሁለት ቀን ተሳፋሪ በአንድ ቀን ጫነ። በጭኔ ላይ የማላውቀው ሰው የሽንኩርት ጆንያ ተቀመጠ፤ ባለቤቱ «ይቅርታ እቴ፣ እስከ አምባ ጊዮርጊስ ብቻ ነው» አለኝ፤ እውነትም እዚያ ወረደ። ኮሶዬ ላይ መንገዱ በገደል አፋፍ ያልፋል። ከታች ያለው አገር እንደ ተቀደደ ምድር ተራራው ከተራራ እየተነሣ ይታያል። እኛ አገር ሩቅ ለማየት ቆሻሻ ክምር ላይ መውጣት ይበቃል። ያን ያህል ርቀት በአንድ ጊዜ ሳይ አዞረኝና ዓይኔን ጨፈንኩ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የሺ ትባላለች፤ ስድሳ ዓመት ይሆናታል። ጎንደር ታማሚ ልጇን አስታማ መመለሷ ነው። መምሬ ስማቸው ጋ እንደምሄድ ስነግራት እጄን ያዘችኝ።

«መምሬን? የኛ ጎረቤት አይደሉ! ከኔ ቤት አንድ ዳገት ነው።»

«እማማ፣ እግዜር ነው ያገናኘን» አልኳት።

«እማማ አትበይኝ። ገና ነኝ። እታለም በይኝ።»

ከዳባት ከተማ ወርደን በእግር ጀመርን። ሁለት ሰዓት ተኩል ነው ብላኝ ነበር፤ በእሷ እግር ነው ያለችው። ጥቅምት ሆኖ ሳለ ዝናብ መጣ። ጭቃው የአዳማ ጭቃ አይደለም፤ ይይዛል፣ አይለቅም። የአንድ ጫማዬ ሶል ተላቀቀ። በጨርቅ አሰርኩት፤ ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ሶሉ ጭቃው ውስጥ ቀረ። እታለም የሺ የራሷን የኮንጎ ፕላስቲክ ጫማ አውልቃ ከፊቴ አስቀመጠች።

«አላደርገውም» አልኩ።

«እኔ ይች መሬት ታውቀኛለች። አድርጊ።»

ጫማው ጠበበኝ፤ ተረከዜን ልጦ አቆሰለው። እሷ ከፊቴ በባዶ እግሯ፣ ሻንጣዬን ተሸክማ ትሄዳለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ከራሴ ጋር የሆንኩት በዚያ ሳምንት ነው፤ ያን ጊዜ ግን የማስበው ስለ ተረከዜ ብቻ ነበር።

ቤቷ ስንደርስ መሽቶ አልነበረም፤ ግን አንድ ዳገት የመውጣት አቅም አልቀረኝም። የባቄላ እሸት ጠብሳ፣ የገብስ እንጀራ በሽሮ አቀረበች። ከዚያ በፊት ግን ውሃ አሙቃ በገበታ አመጣችና እግሬን ያዘች። በዚያ አገር እንግዳ እግሩን ሳይታጠብ አይበላም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ገላ አጥቤአለሁ። ማን እንዳጠበኝ ግን ትዝ አይለኝም። የቆሰለውን ተረከዜን በጣቷ ዙሪያውን እያለፈች፣ ሳትነካው አጠበችው። አለቀስኩ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

በደረቅ ጨርቅ አደረቀችኝና ጋቢውን አከናነበችኝ።

ሐሙስ

መምሬን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ፊት ሲጠርጉ ነው። ከስተዋል። ጺማቸው ሁሉ ነጭ ሆኗል። ቀርቤ «ይፍቱኝ አባቴ» አልኩ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሲያሳልሙኝ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መስቀሉ ግንባሬን ሁለት ጊዜ መታኝ።

«እግዚአብሔር ይፍታ። ከወዴት ነሽ ልጄ?»

«ከአዳማ። የዘውዱ ባለቤት ነኝ፤ ልብስ ሰፊዋ።»

«የዘውዱ! ምነው ብቻሽን? እሱ የት ቀረ?»

አልሰሙም ነበር። ነገርኳቸው። መጥረጊያቸውን ደግፈው ቀስ ብለው ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ባለው የዋንዛ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። የቱ እጁ እንደሚንቀሳቀስ፣ ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያገላብጠው ጠየቁኝ። «ብቻዬን ነኝ» ስላቸው «ማኅበርተኞችሽስ?» አሉ። በዚያ ሁኔታ እንዳያዩት ብዬ ከበር እንደምመልሳቸው ነገርኳቸው።

እንግዲህ ቦታው ይኸው ነው። መጻፉ ይከብደኛል።

«አባቴ፣ በፍልሰታ ጾም ነው» አልኳቸው። «የትምህርት ቤቱ ልብስ ሊደርስ ነበር፤ እንቅልፍ አልነበረኝም። አንሶላውን ቀይሬለት ሳልጨርስ ደግሞ አበላሸው። ‹ምነው ብትሞትልኝ!› አልኩት። ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው ያልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳጎርሰው ዓይኑን ይጨፍናል።»

መምሬ መጥረጊያውን ከጎናቸው አስቀመጡ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንሶላውን አጠብኩ።»

«ይቅርታ ጠየቅሽው?»

«አልጠየቅሁትም። ምን ብዬ? አባቴ፣ እርስዎ ቀኖና ይስጡኝ። ጾምም ይሁን ስግደት፣ ከባዱን ይስጡኝ። ከጸለይኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከእግዚአብሔር ርቄያለሁ።»

«ከሚከብድሽ ሸሽተሽ መጥተሽ ከባዱን ስጡኝ ትያለሽ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። «ምነው ልጄ፣ የበደልሽው ሰው ቤትሽ ተኝቶ፣ እሱን ተራምደሽ እግዜርን ፍለጋ ዳባት ድረስ መጣሽ?»

ንዴት መጣብኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ ካህን ላይ ጮኬ አላውቅም። «ሁለት ዓመት እኮ ነው! አንድ ሌሊት ሙሉ ተኝቼ አላውቅም! እግሬ ቆስሎ ነው እዚህ የደረስኩት፤ ይህን ሊሉኝ ነው?»

አልተቀየሙኝም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋሉ።

«እይ። አንድ እሑድ ክቡር ደሙ ከእጄ ሊፈስ ነበር፤ ሌላው ቄስ ደረሰልኝ። ከዚያ ወዲያ ጽዋ አልያዝኩም። ተቆጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያገለገልኩበትን እጅ ነሣኝ ብዬ ቤቴን ዘግቼ ተኛሁ፤ ኪዳን እንኳ አልሄድ አልኩ። ብዙ ወር። ጎረቤቶች ‹ውጡ› እያሉ ሲያሰለቹኝ ይችን መጥረጊያ ያዝኩ። ጽዋ ቢንቀጠቀጥ ይፈስሳል፤ መጥረጊያ ግን ቢንቀጠቀጥም ይጠርጋል።»

«አሁን ደስ ይልዎታል?»

«አንዳንድ ቀን» አሉ። «አንዳንድ ቀን ደግሞ ቅጠል ብቻ ነው የምጠርገው።»

እሳቸው ደጋግመው መስቀሉን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። በኋላ ቀኖናዬን ሰጡኝ።

«መጀመሪያ ይቅርታሽን ጠይቂው። እሱን ሳታደርጊ ሌላ ቀኖና ከኔ አታገኝም። ውዳሴ ማርያሙን ጉልበት ስታገኝ ትመለሽበታለሽ። እስከዚያ ስሙን ጥሪ። ስታጥቢው ጥሪ፤ ስታገላብጭው ጥሪ። እግዜር ከሽንት አይሸሽም። ሦስተኛ፣ ማኅበርተኞችሽን ከበር አትመልሽ። እሱን ለመሸፈን ይመስልሻል፤ የሸፈንሽው ራስሽን ነው።»

«ይቅር ባይለኝስ?»

«ያን እኔ አላውቅም። እኔ እፈታሻለሁ። የእሱን ይቅርታ ግን እኔ ልሰጥሽ አልችልም፤ የእሱ ነው።»

ተንበረከክኩ፤ የፍትሐት ጸሎት ደግመው ፈቱኝ። ቀና ስል ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አልቀለለኝም። ከአዳማ የመጣሁበት መንገድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከፊቴ ተዘረጋ፤ ገና መመለሱ ነበር።

ዓርብ

ከመሄዴ በፊት ከእታለም የሺ ጋር ኪዳን አደረስኩ። ከዓመት በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆምኩት ያን ጠዋት ነው። እንባ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ተረከዜ ይቆረቁረኛል። ካህኑ ረዘም ሲያደርጉ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ አሰብኩ። አዳማ ላይ ድምፅ ማጉያው ሁሉን ይሸፍናል፤ እዚህ ግን የእያንዳንዱ ሰው «አሜን» ለብቻው ይሰማል። የእኔም ተሰማ። ከሌሎቹ ትንሽ ዘግይቶ ነው የወጣው።

መምሬ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። የሚያስቀድሙት እንደ ምእመን፣ ከሰው መካከል ነው። ስሰናበታቸው «ዘውዱን ሳሚልኝ» አሉኝ።

እታለም የሺ ጫማዬን አላስጣለችኝም። የጠፋውን ሶል ሄዳ ከጭቃው ፈልጋ፣ በቆዳ መርፌ እንዲሰፋልኝ ለአንድ ዘመዷ ሰጥታው አድሯል። ስፌቱ ያማረ አይደለም፤ እኔ የምናገረው የሙያዬ ስለሆነ ነው፤ ግን እስከ ዛሬ አልተላቀቀም። ዳባት ድረስ ሸኘችኝ። ሳመሰግናት «ሸጋ እንግዳ ነበርሽ፤ ብቻ ብዙ ታለቅሻለሽ» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ጎንደር ስደርስ ጋቢውን መለስኩ። የፔንሲዮኗ ባለቤት አሽትታ «የጭስ ሽታ ይዞ መጣ፤ ደህና ቤት አድረሻል ማለት ነው» አለች።

ቅዳሜ

አዳማ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ሙቀቱ ከመናኸሪያው በር ላይ ተቀበለኝ። ባጃጁ ቤቴ እስኪደርስ ድረስ ምን እንደምለው ሳስብ መጣሁ፤ ያሰብኩት ሁሉ ንግግር ይመስላል። አበባ በሩን ከፈተችልኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ስድስት ቀን ብቻ ነው የያዘችው። «በልቷል» አለችኝና ሻንጣዬን ተቀብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ዘውዱ ነቅቷል። የመንገድ ልብሴን ሳልቀይር ከአልጋው ሥር ተንበረከክኩ።

«ዘውዱ፣ በፍልሰታ ያልኩህን ታስታውሳለህ። እኔም አስታውሳለሁ። ደክሞኝ ነው አልልህም። ደክሞኝ ነበር፤ ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ።»

አየኝ። ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል አልወጣውም። ከዚያ ግራ እጁን አነሣና ጭንቅላቴ ላይ ጣለው። አስቀመጠው አልልም፤ ጣለው፤ ከተኛ ወዲህ ደኅናው እጁም ጉልበት የለውም። አመመኝ። ቁጣ ይሁን ሌላ መጀመሪያ አልለየሁም። ቆይቶ ጣቶቹ ፀጉሬ ውስጥ ቀስ ብለው ተንቀሳቀሱ።

እስኪያነሣው ጠበቅሁ። አላነሣውም። ትንፋሹ እየረዘመ ሄደና እንቅልፍ ወሰደው፤ እጁ ግን እዚያው ነው። ከሥሩ ብወጣ አነቃዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ጉልበቴ ሲሚንቶው ላይ፣ አንገቴ እንደ ጎበጠ፣ አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። መካከል ላይ ጠፋብኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በሁለተኛው እስከ መጨረሻው አልኩት።